«ፈ-ኢ-ፖ»፦ ሰሌዳ ላይ የሠራሁት ስህተት ድንገተኛ ክፍል ሲጠብቀኝ



ብዙ ጊዜ እዚህ የምንገናኘው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ልጆች ክትባት ለማውራት ነው። ዛሬ ግን ተማሪ ሳለሁ የሠራሁትን አንድ ስህተት ልነግራችሁ ነው። ስህተቱን የሠራሁት ታካሚ ላይ አልነበረም፣ ሰሌዳ ላይ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ያው ስህተት በሌላ ሰው አፍ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጠበቀኝ።

«ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ነገ የሚያክማችሁ ሐኪም ከሚያውቀው ነገር ቀላል የማይባለውን የተማረው ከፕሮፌሰር ሳይሆን አንድ ዓመት ከሚቀድመው ተማሪ ነው። ያ ተማሪ እንዴት እንዳስተማረው እናንተንም ይነካል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሐኪም ቤት ስትሄዱ የምትጠቀሙበት አንድ ነገር አለኝ። እስከዚያ አብራችሁኝ ቆዩ።

🔹 ቱቶር የሰነፍ ነው?

ፒሲ ዋን ሳለሁ፣ ማለትም የሕክምና ትምህርቱ ጠንከር ማለት በሚጀምርበት ዓመት፣ የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅኩ። ውጤቴን እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴም ይሄን ገጽ ታነባለች።

ከመጣሁበት ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነበርኩ። ካምፓስ ስገባ ግን ዶርሙ በሙሉ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ በወጣ ልጅ ተሞልቷል። ሁሉም ሰቃይ በሆነበት ክፍል «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። እኔም ዝም ብዬ ቸከልኩ። ሃንድአውቱን አራቴ አነበብኩ፣ በቢጫም በአረንጓዴም አሰመርኩ። ፈተናው ላይ ታዲያ መልሱ የቱ ገጽ ላይ፣ በየትኛው ጥግ እንደተጻፈ ትዝ ይለኛል። ምን ተብሎ እንደተጻፈ ግን ጠፋብኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ የሲ ዋን ተማሪ ዶርማችን መጣና «ማታ 1 ሰዓት ቱቶር አለ፣ ና» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ያኔ ቱቶር መግባት ማለት «ወድቄያለሁ» ብሎ በግቢው መዞር ነበር የሚመስለኝ። ልጁ ሳቀና «እኔም እኮ አናቶሚን በሪ-ኤግዛም ነው ያለፍኩት» አለኝ። ይሄን የሚናገር ሲኒየር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሄድኩ።

የሚያስረዳን መስሎኝ ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ከአንገት ወጥቶ ወደ ክንድ የሚሄደውን የነርቭ መረብ ሳልልኝ» አለ። አልቻልኩም። «የምታውቀውን ብቻ ሳል። የጠፋህ ቦታ ላይ ቁም፣ ከዚያ እንጀምራለን» አለኝ። ሁለት መስመር ስዬ ቆምኩ። በስድስት ዓመት የሕክምና ትምህርት ውስጥ ከተቀመጥኩባቸው ክፍሎች ሁሉ እንደዚያ ምሽት የተማርኩበት ብዙ የለም።

🔹 ለምንድን ነው የሚሠራው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን በ4 የንባብ ዙር አነበበ። ሌላኛው በ1 የንባብ ዙር ብቻ አንብቦ፣ 3 ጊዜ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ እየዘጉ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ ገደማ አስታወሱ። የኔ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ለምን እንዳልሠራ ገባችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ «ያነበባችሁትን ለሌላ ሰው ታስተምራላችሁ» ተባሉ፣ ግማሾቹ «ትፈተናላችሁ» ተባሉ። በመጨረሻ ማንም አላስተማረም፣ ሁሉም ተፈተኑ። «ታስተምራላችሁ» የተባሉት ግን የተሻለ አስታወሱ። ለማስተማር የሚያነብ ሰው የትኛው ዋና ነው፣ የትኛው ከየትኛው ይቀድማል እያለ ያነባል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ፕሮፌሰር መጀመሪያ የት ጋ ግራ እንደተጋባ ረስቶታል። ባለፈው ዓመት የተማረው ልጅ ግን የወደቀባትን ጉድጓድ ያውቃታል፣ «እዚች ጋ ተጠንቀቅ» ይልሃል።

ለአገራችን ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው ልጅ ለኋለኛው ፊደል ያስቆጥራል፣ የኔታ ከላይ ሆነው ይሰማሉ፣ ያርማሉ። «የኔታ ያርማሉ» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ደግሞ ነገሩ ከምርጫነት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ 13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ጀምረዋል። የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ፣ አንድ ስፔሻሊስት አስተማሪ ግን በአንድ ዓመት አይሠራም። አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ተደራርቦ ሲቆም፣ ከኋላ ያለው የሐኪሙን ጀርባ እንጂ የታካሚውን ሆድ አያይም። ያን የሚሞላው ማታ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ነው።

🔹 ፈ-ኢ-ፖ

ሲ ቱ ስደርስ የቱቶር ፕሮግራሙን የማስተባብረው እኔ ሆንኩ። ክፍል ማስፈቀድ፣ አስጠኚ መመደብ፣ ጠመኔ መለመን ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ ነበር። ሲ ዋኖቹ «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኛል፣ እኔም አልጠላሁትም።

አንድ ማታ ስለ ዲኬኤ አስረዳ ነበር። ዲኬኤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰውነት ኢንሱሊን በጣም ሲያጥረው የሚመጣ አጣዳፊ ሕመም ነው። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ከዚያ የሚወጡት ኪቶን የሚባሉ ነገሮች ደሙን አሲድ ያደርጉታል። ሕክምናው በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ፈሳሽ፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም።

እኔም በትልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «ፈ-ኢ-ፖ»። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ኢንሱሊን፣ ከዚያ ፖታሲየሙን አይቶ መተካት። ክፍሉ ሳቀ፣ ወደዱት፣ በየስልኩ ፎቶ ተነሳ።

ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማታወራ ልጅ እጇን አወጣች። «ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ያስገባል ብለሃል። ታካሚዋ ስታስመልስ ሰንብታ ፖታሲየሟ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ቢሆንስ? ኢንሱሊኑን ስንሰጥ ምን ይሆናል?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም» ማለት ግን ከበደኝ። «እሱ ጋ አትጨናነቂ፣ ለፈተና ይሄ ይበቃል» አልኳት። ጥቂት ልጆች ሳቁ። ልጅቷ እጇን አወረደች።

ማታ ዶርም ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ። ልክ ነበረች። ፖታሲየም የልብ ምት እንዳይዛባ የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። ቀድሞ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ኢንሱሊን ሲሰጥ የቀረውም ወደ ሴል ይገባና ልብ ምቷን ልትስት፣ ልትቆምም ትችላለች። ስለዚህ ኢንሱሊኑ ከመጀመሩ በፊት የፖታሲየሙ መጠን መታወቅ አለበት። በጣም ዝቅ ካለ መጀመሪያ እሱ ይተካል፣ ኢንሱሊኑ ይጠብቃል። ፈ-ፖ-ኢ ነው እንጂ ፈ-ኢ-ፖ አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ባለፈው ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው» ብዬ አረምኩ። ቀላል አልነበረም፣ ግን አደረግኩት፣ ቀለል አለኝ። ሁለት ነገር ግን ልብ አላልኩም። አንደኛ፣ እርማቱን ማንም ፎቶ አላነሳውም፣ ምክንያቱም አያስቅም። ሁለተኛ፣ የጠየቀችው ልጅ በዚያ ቀን አልመጣችም።

🔹 የገዛ ጽሑፌ በሰው ስልክ ላይ

ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንተርን ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ዲዩቲ ላይ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ አንዲት ወጣት ሴት ወንድሟ ደግፏት ገባች። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።) የስኳር ታማሚ ናት። ስታስመልስ ስለሰነበተችና ምግብ ስላልበላች «ሳልበላ ኢንሱሊን ምን ያደርግልኛል» ብላ መርፌዋን አቁማለች። ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ነው፣ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።

ፈሳሽ ጀመርንላት። አብሮኝ የነበረው ተማሪ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቀልጣፋ። ሲስተሯን «ኢንሱሊኑን እናዘጋጅ» አላት። «ቆይ፣ ፖታሲየሙስ?» አልኩት። ምንም ሳይጠራጠር «ፈ-ኢ-ፖ ነው እኮ፣ ፖታሲየሙ በኋላ ይታያል» አለኝ።

ደንግጬ ቆምኩ። ይሄን ልጅ አስተምሬው አላውቅም። እኔ በዚያ ቱቶር ሳስጠና እሱ ገና ፒሲ ቱ ነበር። «ማን አስተማረህ?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ የባቻቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተልኝ። ጥቁር ሰሌዳ፣ ነጭ ጠመኔ፣ የገዛ እጄ ጽሑፍ። ስሜ የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ እርማት የለበትም።

በዚያ ሌሊት የኛ ላብራቶሪ የፖታሲየም ምርመራ አይሠራም ነበር። ወንድሟ የደም ናሙናውን ይዞ ውጭ ወዳለ ላብራቶሪ ሮጠ። እስኪመጣ ፈሳሹን እየሰጠን በኢሲጂ ልቧን እያየን፣ ከሲኒየር ሬዚደንቱ ጋር እየተማከርን ጠበቅን። ውጤቱ ሲመጣ ፖታሲየሟ በጣም ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ እሱን ተካንላት፣ ኢንሱሊኑ በኋላ ተጀመረ። ከቀናት በኋላ በእግሯ ወጣች።

ምንም አልሆነችም። ግን ያን ሌሊት ዲዩቲው ላይ ሌላ ሰው ቢሆንስ? ይሄን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ተማሪው አልሰነፈም፣ ያጠናውን በትክክል አስታወሰ። ስህተትም በደንብ ከተስተማረ በደንብ ይታወሳል።

🔹 ከዚያ በኋላ ምን አደረግን?

በሳምንቱ የቱቶር አስተባባሪዎቹን ሰበሰብኩና ፎቶውን አሳየኋቸው፣ «ይሄ የኔ ነው» አልኳቸው። ቁጭ ብለን ደንብ ጻፍን። እናንተም የጥናት ቡድን የምትመሩ ተማሪዎች ካላችሁ ውሰዱት፦

✅ ሰሌዳው ጥግ ላይ የአስጠኚው ስም፣ ቀኑና ያየለት አስተማሪ ወይም ሬዚደንት ይጻፋል። ያልታየ ከሆነ «ያልታየ» ይባላል። የኔታ የሌሉበት ፊደል ቆጠራ ስህተትም ያስቆጥራል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

✅ እርማት ስህተቱ በተላከበት ግሩፕ ሁሉ ይላካል። ክፍል ውስጥ በቃል ማረም አይበቃም።

✅ «አላውቅም፣ አይቼ እነግራችኋለሁ» ሙሉ መልስ ነው። አስጠኚው በሳምንቱ መልሱን ይዞ መምጣት ግን ግዴታው ነው።

✅ አስጠኚ በውጤት ብቻ አይመረጥም። አንድ ጊዜ ወድቆ የተነሳ ሰው ቢያንስ አንድ ይኑር። ቱቶር የሰነፍ ነው የሚለውን ወሬ የሚሰብረው እሱ ነው።

✅ ጠመኔው ተማሪው እጅ ይሁን። አስጠኚው ከግማሽ ሰዓት በላይ ብቻውን ካወራ ሌክቸር ሆኗል፣ ሌክቸር ደግሞ ቀን አለ።

✅ አንድ አስጠኚ በሳምንት ከ2 ሰዓት በላይ አይመደብም። ሰው ሲረዳ የራሱን ፈተና የወደቀ ጓደኛ ነበረን። እሱንም ያየው አልነበረም።

✅ የድሮ ፈተና ማስሸምደድ ቱቶር አይባልም። ዎርክሺት መሥራት ይቻላል፣ ግን «መልሱ ሲ ነው» ሳይሆን «ቢ ለምን አልሆነም?» ተብሎ ይሠራል።

ልጅቷንስ? ፈልጌ አገኘኋት። ላይብረሪ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሌሊቱንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ራውንድ ላይም ጠይቄ አላውቅም» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ! አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ የአንዲትን የወደፊት ሐኪም አፍ አንድ ዓመት ዘግቻለሁ። ከሰሌዳው ስህተት ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሰሌዳውን ያረመችው እሷ ነበረች።

«አስጠኚ ትሆኛለሽ?» አልኳት። «አላውቅም» አለችኝ። «እንግዲህ ደንቡን አሟልተሻል» አልኳት፣ ሳቀች። ስመረቅ ፕሮግራሙን የምትመራው እሷ ነበረች።

🔹 አሁን ወደ እናንተ

ቃል የገባሁላችሁ ነገር ይሄ ነው። ያ ሲኒየር ጠመኔውን እጄ ላይ እንዳስቀመጠው፣ እናንተም ሐኪም ቤት ገብታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠመኔውን ተቀበሉ። ሐኪሙ አስረድቶ ሲጨርስ እንዲህ በሉት፦ «ዶክተር፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እኔ ልንገርህ፣ አንተ አርመኝ»። ከዚያ በራሳችሁ ቃል ንገሩት፦ ሕመሜ ይሄ ነው፣ መድኃኒቱን በዚህ ሰዓት ይሄን ያህል እወስዳለሁ፣ ይሄ ምልክት ከመጣ እመለሳለሁ።

ብዙ ታካሚ «ገባዎት?» ሲባል «አዎ» ብሎ ይወጣል፣ በር ላይ ደርሶ «ከምግብ በፊት ነው በኋላ ያለው?» ብሎ አስታማሚውን ይጠይቃል። እኛም ጥፋተኞች ነን፣ እንቸኩላለን። መልሶ መንገር ግን ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ ስህተቱም እቤት ሳይደርስ እዚያው ይያዛል። እማማን ወይም አባባን ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ እናንተ አትመልሱላቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ። መድኃኒቱን የሚውጡት እሳቸው ናቸው።

የስኳር ሕመም ላለባችሁና ለቤተሰቦቻችሁ ደግሞ ይሄን አደራ፦

⚠️ ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ፣ ታማችሁ መብላት ስላቃታችሁ ብቻ በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙት። ሕመም ራሱ የደም ስኳርን ሊጨምር ይችላል። መጠኑን እንዴት እንደምታስተካክሉ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ይሄን ደግሞ ሳትታመሙ በፊት ጠይቁት።

⚠️ ከባድ የውኃ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ወይም መደናገር ከታየ ለነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

⚠️ ከዚህ ገጽ ላይ አይታችሁ፣ የኔንም ጨምሮ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት አትጀምሩ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያ የሰሌዳ ፎቶ አሁንም የሆነ ግሩፕ ውስጥ ይዞር ይሆናል። የሕክምና ተማሪ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩላቸው። «ፈ-ኢ-ፖ» የሚል ሰሌዳ ካገኙ ያጥፉት፣ በምትኩ «መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይታወቅ» ብለው ይላኩ። ያ እርማት እንደ ስህተቱ ቢዞርልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። የሞኝ ጥያቄ የሚባል እዚህ ቤት የለም። መልሱን ካላወቅኩት «አላውቅም» እላችኋለሁ፣ በሳምንቱ ይዤላችሁ እመጣለሁ።

መልካም ጤንነት!